ለፍቅር ተብሎ የተሰጠኝ ስኮርታ መጽሐፍ!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «ኧረ በመጽሐፍ አታድርቂን፣ የፍቅር ጉዳይ አምጪልን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ፍቅሩም አለበት።

አንድ ፊልም ወዳችሁ፣ ፊልሙ አልቆ ስክሪኑ ሲጠቁር «በቃ? ከዚህ በኋላስ ምን ሆኑ?» እያላችሁ አድራችሁ ታውቃላችሁ? ይህችን ጥያቄ ነጋዴ አሳምሮ ያውቃታል። ፈረንጆቹ አንድ ፊልም ሲደምቅላቸው አሻንጉሊቱን፣ ካናቴራውን፣ የተማሪ ቦርሳውን አስከትለው ያወጣሉ። ከዚያም መጽሐፉ ይከተላል። በፊልሙ ሰዎች ስም፣ በፊልሙ ዓለም ውስጥ፣ ፊልሙ ያላሳየውን ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ ማለቴ ነው። እኛ አገር የለመድነው የተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፉ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ነው ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ እየተረከ ሕዝቡን ያስለቀሰው። ከፊልም የተወለደ መጽሐፍ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ለእኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንግዳ ነበር።

የመጽሐፉ ስም «ስፕሊንተር ኦቭ ዘ ማይንድስ አይ» ይባላል። ወደኛ ቋንቋ ስናመጣው «የአእምሮ ዓይን ስንጣሪ» እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው አለን ዲን ፎስተር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ታሪኩ የስታር ዋርስ ነው።

ስታር ዋርስን የወረስኩት ከታላቅ ወንድሜ ነው። ከታይዋን (ከኛው ከድሬዳዋው ገበያ ማለቴ ነው!) ገዝቶ ያመጣቸውን ሲዲዎች እስኪጫጫሩ ድረስ አይተናቸዋል። እንግሊዝኛው ስለማይገባን አስተርጓሚያችን እሱ ነበር፤ የማያውቀውን ከራሱ እየጨመረ! ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሉክ የሚባል ልጅ አለ፣ በረሃ ላይ ከአየር ውሃ የሚያጠራቅም ቤተሰብ ያሳደገው። (በረሃው የተቀረፀው እዚሁ አፍሪካ፣ ቱኒዚያ ውስጥ ነው።) ሊያ የምትባል ልዕልት አለች፤ አዎ፣ እንደ ሰፈራችን ሊያዎች። ሃን ሶሎ የሚባል ፓይለትም አለ፣ ሥራው ኮንትሮባንድ ነው። ይህን ስናገር የድሬ ሰው ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። ጥቁር ራስ ቁር ያጠለቀውና እንደ ወናፍ የሚተነፍሰው ክፉ ሰው ደግሞ ዳርዝ ቬደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ ልዕልቷ የበረሃውን ልጅ ትምረጥ ኮንትሮባንዲስቱን ገና አልታወቀም። ለሦስት ዓመት ዓለም ሁሉ ጥያቄው ይኸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሰውየው ልምጣ። ስሙ ይቅር፣ «እሱ» ልበለው። ለሥራ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቶ አመጣልኝ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቆመን፣ ሙሸበክ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ደርቦ ሰጠኝ። ጠርዙ የነተበ፣ ገጹ እንደ ሻይ የቀላ መጽሐፍ ነው። «እንደምትወጂው ስለማውቅ ነው» አለኝ። ቤት ገብቼ ስገልጠው በእርሳስ የተሰመረባቸው ቦታዎች አገኘሁ። አነበብኳቸው። ሁሉም ሉክ ሊያን በስርቆት የሚያይባቸው፣ ልቡ የሚመታባቸው፣ ሊናገር ፈልጎ የሚተውባቸው ቦታዎች ናቸው። መልእክቱ ገባኝ። እንዴት አይገባኝም?

ችግሩ ግን ምን መሰላችሁ? እሱ ያየው የመጀመሪያውን ፊልም ብቻ ነው። እኔ ሦስተኛውንም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው በሦስተኛው ፊልም ሉክና ሊያ መንትያ እህትና ወንድም መሆናቸው ይወጣል! በአገራችን ሴት ልጅ የማትፈልገውን ወንድ በክብር የምትሸኝባት የታወቀች አባባል አለች፤ «እኔ የማይህ እንደ ወንድሜ ነው»። ይህ ሰው አባባሏን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በእርሳስ አስምሮ አመጣልኝ!

ለማንኛውም አነበብኩት። የድሬን ከሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፣ መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ ትቀራለች። በዚያ ሰዓት ነው ቬንትሌተር ሥር ተጋድሜ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ በአራት ቀን የጨረስኩት። እውነቱን ልንገራችሁ? በጣም ነው የከፋኝ።

መጀመሪያ ሰማዩ የለም። ስታር ዋርስ ማለት እኮ ሰማይ ነው፤ መርከቦቹ፣ ከዋክብቱ፣ ያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ የሚወረወረው እሳት። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ጥቂት ገጽ እንደሄዳችሁ ሁለቱም መርከባቸው ተበላሽቶ ሚምባን የምትባል ዓለም ላይ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ፣ ዝናብና ጉም ብቻ ነው። በጉሙ ምክንያት ከአፍንጫችሁ ራቅ ያለ ነገር አይታይም። ለእኛ ለሙቀት ልጆች ሁለት ምዕራፍ ያህል ደስ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ይሰለቻል። አንዲት የማዕድን ቁፋሮ ከተማ፣ አንድ ዋሻ፣ አንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ፣ በቃ። ያ ሁሉ ዓለም ተጨምቆ አንድ ወረዳ አከለ።

ሁለተኛ ኮንትሮባንዲስቱ የለም! ስሙን ሳላገኝ ግማሽ ደረስኩ፤ «ይመጣል፣ አሁን ብቅ ይላል» እያልኩ ጨረስኩት። አልመጣም። እሱ ከሌለ ደግሞ የፍቅሩ ነገር ሚጥሚጣ እንደሌለው ክትፎ ነው። ሉክን የሚያስቀናው የለም፣ ሊያን የሚያስቆጣት የለም። ሁለቱ ልጆች ጭቃ ውስጥ እየተነታረኩ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ...

የልዕልቷ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ለሴቶቹ ያናድዳል። ፊልሙ ላይ ሊያድኗት እስር ቤቷ ድረስ የመጡትን ወንዶች ጠመንጃ ነጥቃ እሷው ናት ያዳነቻቸው። መጽሐፉ ላይ ግን ስታጉረመርም ነው የምትውለው። ሰው እንዳያውቃቸው ብለው እሷ የሉክ ገረድ መስላ ትሄዳለች፤ ማስመሰሉ እንዲያምር ተብሎም በጥፊ ትመታለች። ከዚያ ጭቃ ላይ ተያይዘው ይንከባለላሉ። አንባቢ እንዲስቅ ነው የተጻፈው፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሁሉንም ማጣጣል ግን አይገባም። ሃላ የምትባል አንዲት አሮጊት አለች፤ እዚያች ከተማ መጠጥ ቤት አካባቢ የምትገኝ፣ ግማሽ ጠንቋይ ግማሽ አጭበርባሪ የሆነች፣ በጣም የምትጥም ሴት ናት። ከአንድ ተአምረኛ ድንጋይ የተሰበረች ስንጣሪ በእጇ አለች፤ የመጽሐፉ ስም የመጣው ከዚያች ነው። ድንጋዩን የያዘ ሰው መንፈሳዊ ኃይሉ ይበዛለታል፤ እንደ ክታብ ቁጠሩት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሊያ ራሷ የብርሃኑን ሰይፍ አንስታ ከቬደር ጋር ትፋለማለች። ያችን ገጽ ሁለቴ አነበብኳት። በድሮዎቹ ሦስት ፊልሞች ላይ አንድም ጊዜ ያልሰጧትን ዕድል ነው ይህ ጭቃማ መጽሐፍ የሰጣት። ቆስላ ትወድቅና ሉክ ሰይፉን ተቀብሎ የቬደርን ክንድ ይቆርጣል። (አባቱ መሆኑን ሳያውቅ! ጸሐፊውም አያውቅም ነበር፣ የአባትነቱ ነገር የመጣው በ1980 በሁለተኛው ፊልም ነው።)

መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ስልኬን አውጥቼ እንዴት እንደተጻፈ ማንበብ ጀመርኩ። የዛሬው ጨዋታዬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊልሙ ባለቤት ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም ሲሠራ ይሳካ አይሳካ እርግጠኛ አልነበረም። ወጪው ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ያን ያህል ገንዘብ ይመልሳል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ፎስተርን ለሁለት መጽሐፍ አስፈረመው። አንደኛው የፊልሙን የራሱን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ የሚጽፍበት ነው፤ ይህኛው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በ1976 መጨረሻ ታተመ፣ ሽፋኑ ላይ ግን የወጣው የሉካስ ስም ነው። ሁለተኛው ይህ በእጄ የገባው ነው። የተሰጠው ትእዛዝም ፊልሙ ብዙ ገንዘብ ባያመጣ ለቀጣዩ ፊልም በርካሽ ሊቀረፅ የሚችል ታሪክ እንዲጽፍ ነበር!

አሁን ጉሙ ገባችሁ? ጉም ካለ ከበስተጀርባ ምንም መሥራት አያስፈልግም፤ ጭስ ማጨስ ይበቃል። ዋሻውም እንዲሁ። ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ አንድ የሰማይ ጦርነት ጽፎ ነበር፤ «ይህ ውድ ነው፣ አውጣው» ተባለ። ኮንትሮባንዲስቱስ? እሱን ሆኖ የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ለቀጣዩ ፊልም ገና አልፈረመም ነበር። ያልፈረመ ሰው ታሪኩ ውስጥ አይገባም። እኔ ገጽ ስገልጥ «ይመጣል» እያልኩ የጠበቅኩት ሰው የቀረው በፊርማ ነው!

ፊልሙ ደግሞ ጉድ ሆነ። ዓለም ሁሉ ተሰለፈለት፤ ዳግም የታየበት ጊዜ ሁሉ ሲደመር ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስለዚህ ርካሹን ታሪክ ማን ይፈልገዋል? ሉካስ በበረዶው ሜዳ ላይ የብረት አውሬ የሚያስኬድበትን ሌላ ታሪክ ሠራ፣ ኮንትሮባንዲስቱም ፈረመ፣ ልዕልቷም እሱን ወደደች። የፎስተር ታሪክ መጽሐፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሾፌሮች ስኮርታ የሚሉትን ትርፍ ጎማ ታውቃላችሁ አይደል? ይህ መጽሐፍ ስኮርታ ነው። የመኪናው ጎማ ስላልፈነዳ ከኋላ እንደታሰረ ቀረ።

ይህን ባነበብኩ ምሽት እሱ ከጥቂት ወራት በፊት የነገረኝ ነገር ጆሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ። ውጭ አገር ያለች ዘመዱ ፕሮሰስ ጀምራለታለች። (በዚህ ዘመን ፕሮሰስ የሌለው ወጣት አለ እንዴ?) ስለዚያ ስናወራ እጄን ይዞ በፍቅር ዓይን እያየኝ ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «ፕሮሰሱ ከተሳካ ያው እናያለን። ካልተሳካ ግን እኔና አንቺ እዚሁ ሳቢያን ቤት ተከራይተን እንጋባለን።»

ካልተሳካ!

ለሁለት ጓደኞቼ አማከርኳቸው። አንደኛዋ ተቆጣችኝ። «ልጁ እኮ እውነቱን ነው የነገረሽ። ይዋሽሽ? ስንቱ ነው ‹እወስድሻለሁ› ብሎ በዚያው የቀረው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሱ አልዋሸም፤ ሉካስም ፎስተርን አልዋሸውም። ሁለተኛዋ ደግሞ «አቦ ተይው ወዲያ፣ ቻው በይው» ብላ ጨረሰችው፤ እሷ ለሁሉም ነገር መልሷ ቻው ነው። እኔ ያሰብኩት ከሁለቱም ይለያል። ስኮርታ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። የጂቡቲን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ያለ ስኮርታ አይንቀሳቀስም። እኔን ያስጨነቀኝ የመጽሐፉ ጭቃ ነው። «ካልተሳካ» ተብሎ የተጻፈ ታሪክ ሁሉ ነገሩ በልክ ተቆርጦ ነው የሚሠራው፤ ሰማዩ ወጪ ነው ተብሎ ይወጣል፣ ያልፈረመው ሰው ይቀራል፣ የሚያምረው ነገር ሁሉ ለሌላኛው ይቆጠባል። እሱ ፕሮሰሱን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ሳቢያን የምንከራየውን ቤት ሲያወራ ግን ስለ ኪራዩ ውድነት ነው የሚያወራው። ልዩነቷን እዩልኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስንገናኝ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ቢሳካስ?» አልኩት።

«ያኔ እንነጋገራለን» አለኝ።

«እኔ እዚያች ‹ካልተሳካ› ውስጥ አልገባም» አልኩት። «የምትፈልገኝ ከሆነ የፕሮሰሱ መልስ ሳይመጣ ሽማግሌ ላክ። ብትሄድም እጮኛህ ሆኜ ልጠብቅህ። ካልሆነ ደግሞ በሰላም ሂድ፣ አልቀየምህም።» ስናገረው ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ የታገልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ጥሩ ልጅ ነው እኮ። ከእሱ የተሻለ የሚመጣ እንደሆነም ማንም ማረጋገጫ አልሰጠኝም።

ዝም አለ። ጊዜ ስጪኝ አለ። ሰጠሁት። ከዚያ ወሬ ለመቀየር ነው መሰለኝ፣ «መጽሐፉንስ ወደድሽው?» አለኝ። እኔም የሉክንና የሊያን ነገር ነገርኩት፤ እህትና ወንድም መሆናቸውን፣ በእርሳስ ያሰመረውን ሁሉ። ፊቱን ብታዩት! ስለ ሽማግሌው ያልደነገጠ ሰው «ወላሂ? መንትያ?» ብሎ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሽማግሌም ፕሮሰስም አልመጣም።

«ታዲያ እኛ ከፊልም የመጣ መጽሐፍ አናንብብ?» ለምትሉ፣ አንብቡ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን መቼ እንደተጻፈ እዩ። የስታር ዋርስን መጀመር የሚፈልግ ቲሞቲ ዛን በ1991 ያወጣውን «ኤር ቱ ዘ ኤምፓየር» ይፈልግ። ያ ሰው የጻፈው ሦስቱ ፊልሞች ካለቁ በኋላ ነው፤ ማን የማን ወንድም እንደሆነ አውቆ፣ ኮንትሮባንዲስቱንም ይዞ። ሰማዩም ሙሉ ነው።

የፎስተር ነገር ግን አሳዘነኝ። በ2012 ዲዝኒ የሉካስን ኩባንያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። በ2014 እንደዚህኛው ያሉት የድሮ ልብ ወለዶች በሙሉ ከዋናው ታሪክ አይቆጠሩም ተብሎ ወደ አፈ ታሪክ መደብ ተዛወሩ። በ2020 ደግሞ ሽማግሌው ፎስተር ከግዢው ወዲህ የመጽሐፎቼ ክፍያ አልደረሰኝም ብሎ፣ ከአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ጋር ሆኖ አደባባይ ወጣ። እሱም ባለቤቱም ታመው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩ እንደተፈታ ተነግሯል፣ እሰየው ነው። አይቆጠርም የተባለው ታሪክ ግን እየተቆነጠረ ተወስዷል። የአሮጊቷ ድንጋይ «ካይበር» ይባል የነበረው ስሙ ትንሽ ተለውጦ በ2016ቱ «ሮግ ዋን» ፊልም ላይ ወጣ። ጭቃማዋ ሚምባንም በ2018 ሲኒማ ደረሰች፤ ፊልሙ ስለ ኮንትሮባንዲስቱ የወጣትነት ዘመን ነው። አዎ፣ ሃን ሶሎ! መጽሐፉ ላይ ሙሉውን የጠበቅኩት ሰው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በሌላ ተዋናይ መልክ፣ እዚያው ጭቃ ውስጥ ተገኘ።

መጽሐፉን የእህቴ ልጅ ወስዳዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የእርሳሱን መስመር ማን እንዳሰመረው ጠይቃኝ፣ «የድሮው ባለቤት ይሆናል» አልኳት። ሦስተኛውን ፊልም ገና አላየችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።